«ኤክስፒሪየንስ»፦ ሥራ ፈላጊዎች ስለዚህች ቃል ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለኝ። ሲቪ እጽፋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ዲግሪ ስካን አደርጋለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ቤቱ በተመራቂ ይሞላል። ከማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አለ፣ ከባሕር ዳር የመጣ አለ፣ እንጅባራ ተምሮ ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ አለ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቴሌግራም ላይ ያገኘውን የሥራ ማስታወቂያ ያሳየኛል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ነው። ጣቱ የሚያርፈው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቃል ላይ ነው፤ ኤክስፒሪየንስ።

ይህችን ቃል በደንብ ባለመረዳት ብቻ ሳይመዘገብ የቀረ ሰው አውቃለሁ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ «አታሟላም» ተብሎ የተመለሰም አለ። የትራንስፖርቱና የአልጋው ብር ከቤተሰብ ተለቃቅሞ የተገኘ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አንድ በአንድ የምመልሰውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው?

ልምድ ማለት ነው። ሠርታችሁ ያወቃችሁት ነገር። የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው፤ «መሞከር» ከሚል ግሥ የወጣ ነው። «ኤክስፐሪመንት» እና «ኤክስፐርት» የሚሉት ቃላትም ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸው።

የእኛ «ልምድ» ደግሞ «ለመደ» ካለው ነው። ሁለቱ ቃላት መድረሻቸው አንድ ቢሆንም መነሻቸው ይለያያል። የእኛው መደጋገምን ያሳያል። የእንግሊዝኛው እጅን ነገሩ ውስጥ ማስገባትን፣ መሞከርን ያሳያል። ቀጣሪ ስለ ኤክስፒሪየንስ ሲጠይቅ «ስንት ዓመት ቆየህ?» ማለቱ ብቻ አይደለም። «እዚያ ቆይተህ ምን ሠራህ?» ማለቱም ነው።

ከልማድ ጋርም አይምታታባችሁ። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚባለው ልማድ በእንግሊዝኛ «ሃቢት» ነው። አንድ ልጅ ማመልከቻው ላይ «ጉድ ሃቢት ኢን አካውንቲንግ» ብሎ ጽፎ መጥቶ ነበር። ስልኩ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ልምድንና ልማድን ቀላቅሎበት ነው። ከመላኩ በፊት ስለደረስንበት ተስተካከለ።

የሥራ ልምድ ወረቀቱስ? እሱም «ኤክስፒሪየንስ» ነው የሚባለው?

አይደለም። እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያወናብደናል። «የሥራ ልምድ አምጣ» ስንል ወረቀቱን ማለታችን ነው። «የሥራ ልምዴን ቤት ረሳሁት» እንላለን፤ ማንም ሰው ይገባዋል። በእንግሊዝኛ ግን ወረቀቱ የራሱ ስም አለው፤ «ኤክስፒሪየንስ ሌተር» ወይም «ሰርቲፊኬት ኦፍ ሰርቪስ» ይባላል። ኢሜይል ስትልኩ «ማይ ኤክስፒሪየንስ ኢዝ አታችድ» ከማለት «ማይ ኤክስፒሪየንስ ሌተር ኢዝ አታችድ» በሉ።

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ወረቀቱና ልምዱ አንድ ስለመሰሉን ማኅተም ያለው ወረቀት በእጁ የሌለ ልጅ ሁሉ «ምንም ልምድ የለኝም» ይላል። ይህ አባባል በጣም ያንገበግበኛል። ዝቅ ብዬ በሰፊው እመለስበታለሁ።

«ዜሮ ዓመት» ሲል ልምድ ያለው ሰው አይመዘገብም ማለት ነው?

ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። «ዜሮ ዓመት» ማለት ልምድ አንጠይቅም፣ አዲስ ተመራቂም ይወዳደር ማለት ነው። «ፍሬሽ ግራጁዌት» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለአዲስ ተመራቂ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የምረቃ ዓመቱን ጭምር ይገድባል፤ ያን መስመር ሳታነቡ አትለፉ።

«ዜሮ ቱ ቱ ይርስ» የሚል ከሆነ ከዜሮ እስከ ሁለት ዓመት ነው። «ሚኒመም» ወይም «አት ሊስት» ካለ ከዚያ በታች አይሆንም ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ይሆናል። «አፕ ቱ» ካለ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። «አት ሊስት» እና «አፕ ቱ» በየሳምንቱ የሚምታቱ ናቸው።

«ሪሌቫንት ኤክስፒሪየንስ» እና «ዳይሬክት ኤክስፒሪየንስ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው፤ ተገቢም ነው።

«ሪሌቫንት» ማለት አግባብ ያለው ማለት ነው። ከሚፈለገው ሥራ ጋር የሚዛመድ። «ዳይሬክት» ማለት ቀጥተኛ ነው፤ ያንኑ ሥራ ራሱን የሠራ። ማስታወቂያው አካውንታንት ከፈለገ አካውንታንት ሆኖ የሠራ ሰው ልምዱ ዳይሬክት ነው። ገንዘብ ያዥ፣ የውስጥ ኦዲተር ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ረዳት የነበረ ደግሞ ሪሌቫንት ሊባልለት ይችላል። መዝገብ ቤት የሠራ ግን ጥሩ ሠራተኛ ቢሆንም አይያዝለትም። «ዳይሬክት ኤንድ ሪሌቫንት» ብሎ ሁለቱን ከደረበ ጠበቅ ያለ ነው፤ ተዛማጅ ሥራ ይዛችሁ ሩቅ አገር ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ይዛመዳል አይዛመድም የሚለው በቀጣሪው የሰው ኃይል ክፍል እጅ ነው። እነሱ ደግሞ የሚያዩት ወረቀታችሁን ነው። ወረቀታችሁ ላይ የሥራ መደቡ ስም ብቻ ካለ በስሙ ይፈርዱባችኋል።

አንዲት ከሞጣ የመጣች ልጅ ነበረች። ማኔጅመንት ተምራለች። ሦስት ዓመት የሠራችበት ወረቀት «ሴክሬታሪ» ይላል። ማስታወቂያው የሰው ኃይል ኦፊሰር ይፈልጋል። «በቃ፣ አልሆንም» ብላ ስልኳን ልትዘጋው ነበር። ጠጋ ብዬ ምን ምን ትሠሪ ነበር አልኳት። የሠራተኛ ሰዓት ፊርማ ትይዛለች። የዓመት ፈቃድ ትመዘግባለች። የደመወዝ ዝርዝር አዘጋጅታ ለሒሳብ ክፍል ትሰጣለች። የሠራተኞች ፋይል በሙሉ በእጇ ነበር። ይህ የሰው ኃይል ሥራ ነው! ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቷ ተመልሳ የሥራ ዝርዝሯ የተጻፈበት ደብዳቤ ጠየቀች። ሰጧት። ሁለት መስመር ነው የተጨመረው። በዚያ ወረቀት ተመዝግባ ለፈተና ተጠራች።

ስለዚህ ከሥራ ስትለቁ የሥራ መደቡ ስም ብቻ ሳይሆን ያከናወናችሁት ተግባር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ደብዳቤው የሚጻፈው በሚያውቃችሁ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ብትመለሱ ግን ኃላፊው ተቀይሮ «እኔ አላውቅህም» ሊላችሁ ይችላል።

«ኦፍ ዊች» የሚለው ነገር አይገባኝም

ይህን ቃል ልብ በሉ። ማስታወቂያው «ኤይት ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ፣ ኦፍ ዊች ስሪ ኢን ሱፐርቫይዘሪ ፖዚሽን» ይላል እንበል። በአማርኛ «ስምንት ዓመት ልምድ፣ ከዚህ ውስጥ ሦስቱ በኃላፊነት» ማለት ነው። ድምሩ ስምንት ነው፤ አሥራ አንድ አይደለም። ስምንት ዓመት ሠርቶ የመጨረሻውን ሦስት ዓመት ቡድን መሪ የነበረ ሰው ልክ ያሟላል።

አንድ ከፍኖተ ሰላም የመጡ ጋሼ ደምረውት ሦስት ዓመት ጎደለኝ ብለው ትተውት ነበር። ለሌላ ጉዳይ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ ገብተው በወሬ ወሬ አነሱልኝ። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው አንድ ቀን ነበር። ሮጠው ደረሱ።

«ኦር» የሚለውንም እንደዚሁ። «ቢኤ ዊዝ ፎር ይርስ ኦር ኤምኤ ዊዝ ቱ ይርስ» ማለት በመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት፣ አለበለዚያም በማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። አንዱን ማሟላት ይበቃል።

«ሪኳየርድ»፣ «ፕሪፈርድ»፣ «አን አድቫንቴጅ»?

ሪኳየርድ ግዴታ ነው። ፕሪፈርድ ቢኖር ይመረጣል ማለት ነው። አድቫንቴጅ ቢኖር ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል። በኋለኞቹ ሁለቱ ማንም ከምዝገባ አይባረርም፤ ተመዝገቡ።

ኢንተርንሺፕ እንደ ኤክስፒሪየንስ ይቆጠራል?

ሲቪ ላይ መጻፍ አለበት። ስሙን ግን አትቀይሩት። «ኢንተርን» ብላችሁ ጻፉ፤ «ኦፊሰር» አትበሉ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች በትብብር ሥልጠና ድርጅት ውስጥ የሠራችሁትንም እንደዚሁ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር ፈታታችሁ ከሆነ፣ ብየዳ ላይ ቆማችሁ ከሆነ፣ ያ ልምድ ነው።

የዓመት ቆጠራ ላይ ግን ብዙ ቀጣሪዎች የሚይዙት ከምረቃ በኋላ ያለውን ነው። «አፍተር ግራጁዌሽን» የሚል ቃል ማስታወቂያው ላይ ካለ ክርክር የለውም። እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመት የሚል ቦታ ላይ የአራት ወር ኢንተርንሺፕ ይዞ መሄድ ልፋት ብቻ ነው። ዜሮ ዓመት የሚል ቦታ ላይ ግን ያው አራት ወር ምንም ካልሠራ ተወዳዳሪ ፊት ያስቀድማችኋል።

የሙከራ ጊዜዬስ?

ይቆጠራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ሙከራውን ጨርሳችሁ ሥራችሁን ከቀጠላችሁ ውሉ ከሙከራው የመጀመሪያ ቀን እንደጀመረ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው መነሻ ቀን ሥራ የገባችሁበት ቀን መሆኑን አረጋግጡ።

ተቀጥሬ አላውቅም። የቤተሰብ ሥራ፣ የማኅበር ሥራ ኤክስፒሪየንስ ይባላል?

ይባላል! እላይ ያንገበግበኛል ያልኩት ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ከቢቸና አካባቢ የመጣች ልጅ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አካውንቲንግ ተመርቃለች፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። ሲቪው ላይ «ወርክ ኤክስፒሪየንስ» የሚለው ቦታ ስደርስ «እሱን ዝለለው ጋሼ፣ ምን ልምድ አለኝና ነው» አለችኝ። ክረምት ክረምት ምን ትሠሪ ነበር አልኳት። አባቷ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሹም ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ስለዚህ ማዳበሪያ ሲከፋፈል ስም እየጠራች የምትጽፈው እሷ ናት። ጥር ላይ ለእረፍት ስትመጣ ጤፍ ሲረከቡ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ኩንታሉን ትመዘግባለች። ማታ ማታ የቀኑን ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራለች። አንድ ቀን የ200 ብር ልዩነት ተገኝቶ እስከ እኩለ ሌሊት በፋኖስ ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት፤ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ኖሯል።

ይህን እየነገረችኝ ደጋግማ «ግን ተቀጥሬ አይደለም» ትላለች። እውነት ነው፣ አልተቀጠረችም። ደመወዝም ወረቀትም የላትም። ስለዚህ «ሁለት ዓመት ልምድ» ብለን አልጻፍንም። «ቮለንተሪ ኤክስፒሪየንስ» የሚል ንዑስ ርዕስ ከፈትንና የሠራችውን በሦስት አጭር መስመር አስቀመጥን፤ የእህል ግዥ መመዝገብ፣ ደረሰኝ ማመሳከር፣ የማዳበሪያ ስርጭት ዝርዝር መያዝ። ማኅበሩም የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈላት። ኢንተርቪው ላይ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው የጠየቋት ስለዚያ 200 ብር ነበር።

የቤተሰብ ሱቅ የጠበቃችሁ፣ ዕቃ ያስገባችሁ፣ ዱቤ የያዛችሁ፣ ይህ ሽያጭና ክምችት ነው። ጎረቤት ልጆች ያስጠናችሁ፣ ይህ ማስተማር ነው። የባሕር ዳር እንግዳ ተቀብላችሁ ገዳማቱን ያስጎበኛችሁም እንዲሁ።

የአብነት ተማሪ የነበራችሁም አትደብቁት። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚሉት ስሞች ለሊቅ ሁሉ ይታወቃሉ። ከመምህሩ ሥር ሆኖ ታናናሾቹን ያስቀጸለ፣ ቅኔ ያስነገረ ተማሪ የማስተማር ልምድ አለው። በጉባኤው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ተማርህ?» ነው አይደል? በእንግሊዝኛው ሲቪ መጨረሻ ላይ «ሪፈረንስ» የሚባለው ቦታ ላይ ስማቸውን የምትጽፉት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ የሚመልሱ ናቸው። ፈቃዳቸውን ሳትጠይቁ ግን አትጻፏቸው። ሲደወልላቸው ድንገት እንዳይሆንባቸው።

«ኤክስፒሪየንስ» ወይስ «ኤክስፒሪየንስስ»? ኤስ ይጨመርበታል?

ለሥራ ልምድ ኤስ አይጨመርም። እንደ ውኃና እንደ ዱቄት የማይቆጠር ስም ነው። ዓመቱ ይቆጠራል፣ ልምዱ አይቆጠርም። «አይ ሃቭ ቱ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» ትክክል ነው። ፊቱ ላይም «አን» አይገባም፤ «አይ ሃቭ አን ኤክስፒሪየንስ» ስትሉ «አንድ ገጠመኝ አለኝ» እያላችሁ ነው። ኤስ ሲጨመርበትም ትርጉሙ ወደ ገጠመኞች ይሄዳል። ስለዚህ ኤስ ያለው ትክክል የሚሆነው ስለ ሕይወት ገጠመኝ ስታወሩ ነው።

ከኋላው የሚመጡት ትንንሽ ቃላት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ለሙያ ዘርፍ «ኢን» ነው፤ «ኤክስፒሪየንስ ኢን ኦዲቲንግ»። ለመሣሪያ ወይም ለሶፍትዌር «ዊዝ» ነው፤ «ኤክስፒሪየንስ ዊዝ ፒችትሪ»። ለሥራ መደብ «አዝ» ነው፤ «ኤክስፒሪየንስ አዝ ኤ ካሺየር»። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ብትይዙ ማመልከቻችሁ ወዲያው ይጠራል።

«ልምድ አለኝ» ለማለት «አይ አም ኤክስፒሪየንስ» አይባልም። መጨረሻው ላይ ዲ ትገባለች፤ «ኤክስፒሪየንስድ» ልምድ ያለው ማለት ነው። «አን ኤክስፒሪየንስድ ድራይቨር» እንደሚባለው።

ፊደሉንም ላንሳ፣ ብዙ ሰው ይስታልና። ቃሉ ውስጥ አራት «ኢ» አሉ፤ «ኤ» ግን አንድም የለም። ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ፣ ኢ፣ አር፣ አይ፣ ኢ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኢ። ካስተዋላችሁት ኢዋ ሁለት ሁለት ፊደል እየዘለለች ትመጣለች። እንዲህ ብዬ ያሳየኋቸው ልጆች ዳግም አልሳቱትም።

ማስታወቂያው «ኢፍ ዩ ኤክስፒሪየንስ ኤኒ ፕሮብሌም» ይላል። ምን ልምድ ነው የሚፈልጉት?

ምንም። እዚህ ላይ ቃሉ ግሥ ሆኗል፤ «ችግር ቢያጋጥማችሁ» ማለት ነው። ኦንላይን መመዝገቢያ ላይ ገጹ አልከፈት ሲል ይህ ይመጣል። ከታች የተጻፈው ስልክ ወይም ኢሜይል ለእርዳታ ነው፤ ተጠቀሙበት።

ቀኑን በእኛ ነው ወይስ በፈረንጆቹ የምጽፈው?

የእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ በፈረንጆቹ ጻፉ። ከደብዳቤው ጋር እንዲመሳከር ደግሞ በትክክል አስሉት። ዝም ብሎ ስምንት መቀነስ ወይም መጨመር ያሳስታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል።

አንድ ደብዳቤ «ከመስከረም 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015» ይል ነበር። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2020 ተጀምሮ ጁላይ 7 ቀን 2023 ያበቃል። ልጁ ሲቪው ላይ «ስሪ ይርስ» ብሎ ጽፎታል። ቆጥረን ስናየው ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ነው። ሦስት ዓመት የሚል ማስታወቂያ ላይ ይህ ሁለት ወር ሊጥለው ይችላል። ሐሰተኛ ልጅ አይደለም፣ ሦስት የትምህርት ዘመን ስለሆነ ሦስት ዓመት መስሎት ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህራን በተለይ ይህን ተጠንቀቁ። ክረምቱ በውላችሁ ውስጥ መኖር አለመኖሩን እዩ።

ስለቅ አሠሪዬ ደብዳቤ አልሰጥም አለኝ። ምን ላድርግ?

ይህ በራሴም ደርሷል። መጀመሪያ የሠራሁበት የግል ድርጅት ስለቅ ወራት አመላለሰኝ። በመጨረሻ የሰጠኝ ወረቀት ላይ ስሜና «ሠርቷል» የምትል ቃል ብቻ ነበሩ። ምን እንደሠራሁ የለም፣ ቀን የለም። በዚያ ወረቀት አንድ ጥሩ ቦታ አመለጠኝ። መብቴን ብጠይቅ ኖሮ አያመልጠኝም ነበር፤ ግን አላወቅሁም።

አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 12 የአሠሪ ግዴታዎችን ይዘረዝራል። ከነዚህ አንዱ ይህ ነው፦ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። «በጠየቀ ጊዜ» የሚለውን አስምሩበት። እየሠራችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ ማለት ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው ደግሞ በሥርዓት መልቀቅ ነው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፣ የተረከባችሁትን ንብረት አስረክቡ፣ ክሊራንስ ጨርሱ።

መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ አስፈርሙ። እምቢ ካለ በአካባቢያችሁ የሥራ ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አመልክቱ። አንዳንድ ጊዜ አንቀጹን መጥቀስ ብቻ ይበቃል። ሦስት አራት ሰው የጽሑፍ ጥያቄውን እኔ ዘንድ አስጽፎ በሳምንቱ ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው፤ እናንተ የሰው ኃይል ክፍላችሁን ጠይቁ።

ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ለምን ግብር የተከፈለበት ይባላል?

እውነት መሥራታችሁን የሚያረጋግጡበት መንገድ ስለሆነ ነው። ከደመወዛችሁ ግብር ከተቆረጠ መዝገቡ ገቢዎች ዘንድ አለ። ደብዳቤው ላይ «የሥራ ግብር ተቆርጦ ገቢ ተደርጓል» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ ጠይቁ። ጡረታም ሌላ ማስረጃ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ።

ወረቀቱን ከሚሸጡት ብገዛስ? ሁሉም እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?

ሁሉም አያደርግም። እኔም አልጽፍም፤ ለምኖኝም አልቅሶብኝም የሄደ አለ። የተቸገረ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትም በእሱ መገልገልም ወንጀል ነው። ቀጣሪው ወደተባለው ድርጅት ደብዳቤ ጽፎ ያጣራል፤ ከቀጠረ በኋላም ያጣራል። ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ እናቱን መርዳት ጀምሮ በዚህ ምክንያት ከሥራ የተባረረ ልጅ አውቃለሁ። የእውነተኛ ሁለት ዓመት ልምዱም አብሮ ተበላሸበት፤ ማን ጥሩ ደብዳቤ ይጻፍለት?

ኢንተርቪው ላይ «ቴል አስ አባውት ዩር ኤክስፒሪየንስ» ሲሉኝ ምን ልበል?

ሲቪያችሁን በቃላችሁ አትድገሙ። ፊታቸው ላይ አለ። የት እንደሠራችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩና ወደ አንድ ሥራ ግቡ። አንድ ችግር፣ ያደረጋችሁትን ነገር፣ የተገኘውን ውጤት። እንግሊዝኛችሁ ባይፈስስም በአጭር በአጭሩ ይሆናል። «አይ ወርክድ አዝ ኤ ካሺየር ፎር ቱ ይርስ» ብላችሁ ጀምሩ። «ፎር» ለቆይታ ነው፣ «ሲንስ» ለመነሻ ጊዜ ነው። ቀጥላችሁ «ኤቭሪ ኢቭኒንግ አይ ባላንስድ ዘ ካሽ» በሉ። በየማታው ገንዘቡን አመሳክር ነበር ማለት ነው። ግሡ ያለፈ ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ፤ አሁንም እዚያው የምትሠሩ ከሆነ ግን «አይ ሃቭ ወርክድ» ነው።

ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱት። እኔ ዘንድ ሲቪ የሚያስጽፍ ልጅ ወረፋው ቀለል ሲል ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ቆሞ አንድ ጊዜ ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ይወጣል። ያቺ የቢቸናዋ ልጅ አራት ጊዜ ነው ያለችው፤ በአራተኛው «ቱ ሃንድረድ ብር» ስትል ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩአት፣ እሷም ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ተናገረች።